በሬኒየር ቫሊ የሚደረገው ክርክር

በአሜሪካ የሲያትል ከተማ ደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው ሬኒየር ቫሊ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ስገኝ፣ ወሬው ከየትም ቢነሣ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በባቡሩ ላይ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በመሀል ከተማ ከመሬት በታች ሲጓዝ፣ በእኛ ሰፈር ግን በማርቲን ሉተር ኪንግ ጎዳና መካከል ከመኪናና ከእግረኛ ጋር እየተጋፋ ያልፋል፤ ይህን ቅሬታ ነዋሪው እስከ ዛሬ አልተወውም።

የባሰው ጭቅጭቅ ግን የቤት ነው። ሲያትል የምትገኝበት የዋሽንግተን ግዛት በ2023 ባወጣው ሕግ፣ በትልልቅ ከተሞች ለአንድ ቤተሰብ ብቻ ተከልሎ በቆየ ቦታ ላይ አራት፣ በዋና ዋና የትራንስፖርት ጣቢያዎች አጠገብ ደግሞ ስድስት መኖሪያ መሥራት ተፈቅዷል። ባለቤቶች ስለ ዛፉና ስለ መኪና ማቆሚያው ይሟገታሉ፤ ተከራዮች በበኩላቸው የአዲሱን ቤት ኪራይ ማን ይችለዋል ይላሉ። እኔ የማደላው ይሠራ ለሚሉት ነው፤ ቤት ባነሰ ቁጥር መጀመሪያ የሚገፋው ደሀው ነውና።

ቤት አልባ ለሆኑ ሰዎች መጠለያ ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም። የከተማው ምክር ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በግንቦት 2018 በትልልቅ ድርጅቶች ላይ በየሠራተኛው 275 ዶላር ግብር በሙሉ ድምፅ ከጣለ በኋላ፣ አንድ ወር ሳይሞላው ራሱ ሽሮታል። በዚያው በሬኒየር ቫሊ ለአረጋውያን የተሠራው ባለ 90 መኖሪያው የኢትዮጵያ መንደር ግን ዛሬ ቆሞ ይታያል።