ትዝታ መጨረሻ ላይ ነው፣ እስከዛ አትጩሁብኝ

ሰላም ሰላም፣ ከጠፋሁ ቆየሁ አውቃለሁ፣ ሰበብ ከምደረድር በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። በሚመጡት ሦስት ሳምንታት ውስጥ ሦስት ቦታ እጫወታለሁ። ሐሙስ ማታ ከባንዱ ጋር፣ በሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት ያለ ማይክ ከማሲንቆ ጋር፣ ከዛ ደሞ ወሩ መጨረሻ ላይ አንድ ሆቴል ውስጥ። ሦስተኛው ላይ ባትመጡም አልቀየማችሁም፣ ለምን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ለማታውቁኝ ክራር ነው የምጫወተው። የምጫወተውን ባህላዊ ልበለው ጃዝ ልበለው እኔም ግራ ይገባኛል፣ የባህል ቤት ስሄድ "ይሄ ልጅ ፈረንጅኛ አበዛ" ይሉኛል፣ ጃዝ የሚጫወቱ ልጆች ጋ ስሄድ ደሞ ነጭ በነጭ ለብሼ ካልመጣሁ ቅር ይላቸዋል። ለምጄዋለሁ በቃ።

አሁን ዋናው ነገር። የትም ልጫወት፣ ማንም ይምጣ፣ ሁለተኛው ሙዚቃ ሳያልቅ ከኋላ አንድ ሰው "ትዝታ!" ብሎ ይጮሃል። እርግጠኛ ነኝ ሐሙስም ይጮሃል። ትዝታ ጠልቼ አይደለም እኮ፣ ትዝታ የሚጠላ ሰው ክራር ባያነሳ ነው የሚሻለው፣ ግን አራት ቅኝት አለን፣ ቅኝት ማለት አውታሩ የሚስተካከልበት የአምስት ድምፅ አደራደር ነው፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፣ እኛ ግን ከአራቱ አንዱን ይዘን ሌሎቹን ለሰርግና ለበዓል ፕሮግራም የተውናቸው ይመስለኛል። በተለይ አንቺሆዬ በጣም ያሳዝነኛል። ሰው ሲሰማት መጀመሪያ ደንገጥ ይላል፣ የሆነ የተሳሳተ ነገር ያለ ይመስለዋል፣ ትንሽ ከታገሳት ግን ከጭንቅላቱ አትወጣም። ስለዚህ የዘንድሮውን ፕሮግራም በአንቺሆዬ ነው የምጀምረው፣ ትዝታ የምትመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እስከዛ ድረስ አትጩሁብኝ።

ይሄን ሐሳብ ያመጣብኝ ውርደት ነው በነገራችን ላይ። አምና አንድ ቦታ ስጫወት (የት እንደሆነ ይቅር) ዘፈኖቹን እንደ ደስታዬ ነበር የደረደርኳቸው፣ አንድ ባቲ፣ አንድ ትዝታ፣ አንድ አንቺሆዬ፣ እንደገና ባቲ። ፒያኖ ቢሆን ችግር የለውም፣ አስራ ሁለቱም ድምፅ ተዘርግቶ ይጠብቅሃል። ክራር ግን እንደዛ አይደለም፣ አምስት ድምፅ ነው የምትቃኘው፣ ባለ ስድስት አውታር ከሆነ ስድስተኛው የመጀመሪያው ኦክታቭ ነው፣ ያው ድምፅ ሆኖ ከፍ ወይ ዝቅ ያለው ማለት ነው፣ ስለዚህ ቅኝት በቀየርክ ቁጥር መድረክ ላይ አቀርቅረህ አውታር ስታጠብቅና ስታላላ ነው የምትታየው። ያን ቀን ሙቀቱም መብራቱም ተጨምሮበት አውታሩ አልቆም አለኝ፣ አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይወርዳል፣ ላቤ ክራሩ ላይ ጠብ ይላል፣ ድራመሩ ሰው እንዳይሰለች ብሎ ዝም ብሎ ሃይሃቱን ቲስ ቲስ ያደርጋል፣ እና ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ወደኔ ጎንበስ ብለው በጣም በሚያዝን ድምፅ "ልጄ፣ ተበላሸብህ እንዴ?" አሉኝ። ቤቱ ሁሉ ሰማ። እኔም "አይ እየቃኘሁ ነው" አልኩ፣ እሳቸውም "አይዞህ" አሉኝ። አይዞህ ሲሉህ እኮ አለቀ።

ከዛ በኋላ ቤቴ ቁጭ ብዬ ቅኝቶቹን ወረቀት ላይ ጻፍኳቸው። ከዶ ስንነሳ (ፍላት ስል በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ማለቴ ነው) አንቺሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ናት። አምባሰል ደሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። አያችሁ? የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አይነኩም፣ አራተኛውን አውታር በግማሽ ድምፅ ከፍ፣ አምስተኛውን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው፣ ሁለት አውታር፣ ባስ እየሞላልኝ ሃያ ሰከንድ አይፈጅም። ከዚህ የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። አምባሰል ላይ ምንም ሳትነካ፣ አንድም አውታር ሳታዞር፣ መነሻህን ከዶ ወደ ፋ ብታዛውረው ማለትም ሦስተኛውን አውታር ቤት ብታደርገው፣ የሚመጣው ትዝታ ማይነር፣ ማለትም ከትዝታ ዓይነቶች ከበድ ያለ ስሜት ያለው ነው። ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ፍላት። ያው አምስቱ ድምፅ ናቸው። ቁጠሩት፣ እኔ ሦስቴ ነው የቆጠርኩት።

ይሄን ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ግኝት አይደለም። ግን ማወቅና ምሽቱን በዛ ላይ መሥራት ይለያያል። እና የሐሙሱ ፕሮግራም እንደዚህ ነው፣ አንቺሆዬ፣ ሁለት አውታር ማስተካከል፣ አምባሰል፣ ረጅም አምባሰል፣ ከዛ ሳታውቁት ባሱ መሬቱን ከስራችሁ ቀስ ብሎ ያዛውረዋል፣ እና ትዝታ ውስጥ ናችሁ። ልምምድ ላይ መጀመሪያ የሠራን ቀን ባሲስቱ ራሱ ቀና ብሎ "አሁን መቼ ገባን?" አለ። እኔ ለዛች ሰዓት ስል ነው ሁለት ወር የደከምኩት።

ባሲስቱን ካነሳሁ አይቀር፣ ምስኪን። አንቺሆዬ ላይ መጀመሪያ ሊያብድ ነበር። ባስ የሚጫወት ሰው እጁ ሳያስበው ዶና ሶል ዶና ሶል ነው የሚሄደው፣ አንቺሆዬ ላይ ደሞ ሶል የለም፣ ሶል ፍላት ነው ያለው፣ ያ ደሞ የሚያሳርፍ ድምፅ አይደለም፣ ሁሌ የሆነ ቦታ ሂድ ሂድ ይልሃል። ሁለት ሳምንት ተነታረክን፣ እሱ ሶል ያስገባል፣ እኔ ቅኝቷን ገደልካት እላለሁ። በመጨረሻ ዶ ላይ ብቻውን ቆሞ ሪትሙን መቀያየር ጀመረ፣ ያኔ ነገሩ ቦታውን ያዘ። ድራመሩ ጭክችካውን ሲክስ ኤይት ላይ ይዞ፣ ባሱ አንድ ኖታ፣ ከላይ ክራር። ኮርድ ምናምን የለም።

ሙላቱ አስታጥቄ ዌልስና ለንደን ከዛም ቦስተን በርክሊ ተምሮ ያመጣው ኢትዮ ጃዝ ይሄንኑ ጥያቄ ነው የሚነካው፣ አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት ከስሩ የአስራ ሁለት ድምፅ ሃርመኒ ሲነጠፍለት ጸባዩን እንዳይለቅ ምን ታደርጋለህ? እሱ በሱ መንገድ መልሶታል፣ ቫይብራፎኑም የላቲን ከበሮውም ገብቶበት፣ ዓለምም ሰምቶታል። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ በቅርቡ ይበልጥ የሚገባኝ ጌታቸው መኩሪያ ነው። ሰውየው ሽለላን፣ ወንድ ልጅ በደረቱ የሚያወጣውን ድምፅ፣ ቀጥ አድርጎ ቴነር ሳክስፎን ውስጥ ከተተው። ያ ፉከራ ነው፣ ትንፋሽ ነው፣ መንቀጥቀጥ ነው፣ ኮርዱ ምንድነው ብለህ የምትጠይቅበት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ነው ያረፈው። እኔ ክራር ላይ አውታሩን በግራ ጣቴ ጫን ጫን እያደረግኩ ድምፁን ለማጠፍ ስሞክር በጭንቅላቴ የማስበው እሱን ነው፣ አልደርስበትም፣ ግን አስበዋለሁ።

እሺ፣ ቅዳሜ። ቅዳሜ ለኔ ከሐሙስ ይበልጣል፣ ልጆችም ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ፣ ግቢ ውስጥ ነው፣ ማይክ የለም፣ ስፒከር የለም፣ እኔና ማሲንቆ የሚጫወቱ አንድ ትልቅ ሰው ብቻ ነን። ጋሼ ነው የምላቸው፣ ስማቸውን ኢንተርኔት ላይ እንዳላወጣ አደራ ስላሉኝ እንደዛው ይቆይ። ወሎ ነው የተወለዱት፣ ሜጀር ማይነር የሚባል ነገር አይወዱም፣ ያን በወረቀት ያገኘሁትን ነገር በጉጉት ሳጫውታቸው የማሲንቆዋን አንድ ጭራ እየነካኩ ዝም ብለው ሰሙኝ፣ ደጋናቸውን ሙጫ ቀቡት፣ አምባሰል ጀመሩ፣ መሃል ላይ ምንም ሳይነግሩኝ ትዝታ ውስጥ ገብተው ወጥተው እንደገና አምባሰል ላይ ቁጭ አሉ፣ ከዛ "ይቺን ነው የምትለኝ?" አሉ። ሁለት ወር ያልኳችሁን ተዉት እንግዲህ።

ሲጫወቱ ደሞ ይሰድቡኛል። ትናንት ጣቴ ፈጠን ፈጠን ሲል አይተው እንዲህ አሉ፦

ክራር ተማርኩ ብሎ ከፈረንጅ ቤት ገብቶ፣
ጣቱ ተንቀዠቀዠ ጨዋታውን ትቶ።

ልክ ናቸው። ጃዝ የተማርን ሰዎች ባዶ ቦታ ስናይ መሙላት እንወዳለን። ለማንኛውም ቅዳሜ ስትመጡ ስንኝ ይዛችሁ ኑ፣ "ተቀበል" ማለት ነው፣ እናንተ ትሰጣላችሁ እሳቸው ይቀበላሉ፣ ካልጣማቸው ግን ስንኛችሁን አስተካክለው ነው የሚመልሱላችሁ፣ ያኔ ፊታችሁ ይቀላል። ሌላ ማሳሰቢያ፣ ግንባር ላይ ብር መለጠፍ ይቻላል፣ የሳቸው ግንባር ላይ። የኔ ግንባር ላይ እስካሁን ማንም ለጥፎ አያውቅም፣ ጃዝ የሚጫወት ሰው ግንባር ብር አይዝም መሰለኝ።

የሆቴሉ ነገር ምንድነው ካላችሁ፣ ለእራት ፕሮግራም ነው የተቀጠርነው፣ "ድምፁ ዝቅ ይበል፣ እንግዶቹ ያወራሉ" የሚል ውል ላይ ፈርመናል። ትዝታ ብቻ ነው የተፈለገው፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ትዝታ። ከዚህ በፊት የዚህ ዓይነት ሥራ የሠራሁበት ሌላ ቦታ ክፍያዬን ያገኘሁት ከአራት ወር በኋላ ነው፣ አሁን ግማሹን ቅድሚያ ካልከፈላችሁ ክራሬን ከቦርሳ አላወጣም ብዬ ከፍለዋል። እንዳትፈርዱብኝ፣ የቤት ኪራይ ቅኝት አይመርጥም።

ደሞ ቦታ የለም እኮ አሁን። ጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዛምባ ጥር 2007 ላይ ተቃጠለ፣ ካዛንቺስ ደሞ ሰፈሩ ሲፈርስ አዝማሪ ቤቱም አብሮ ሄደ፣ ድሮ አንድ ማታ ሦስት ቤት በእግር እየዞርን የምንሰማው ነገር ቀርቷል። አሁን አንድ ቤት ደውለህ ክራር ነው የምጫወተው ስትል መጀመሪያ የሚጠይቁህ "ዲጄ ታመጣለህ ወይ?" ነው። የሐሙሱ ቤት ባለቤት ያንን አልጠየቀኝም፣ የጠየቀኝ ስንት ወንበር ልደርድር ብሎ ነው፣ እኔም ደፍሬ ስልሳ አልኩ፣ እና አሁን ማታ ማታ ስልሳ ወንበር እያየሁ ነው የምተኛው።

አድራሻውን ለሚጠይቀኝ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ሐሙስ ማታ ሁለት ሰዓት ማለት ሁለት ሰዓት ነው፣ ሦስት ሰዓት አይደለም፣ አንቺሆዬ መጀመሪያ ላይ ስለሆነች ያረፈደ ሰው የሚያገኘው ትዝታዋን ብቻ ነው፣ ያ ደሞ ለሚጮኸው ሰውዬ ሽልማት ይሆንበታል። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጋሼን ትናንት "በእርግጠኝነት ይመጣሉ አይደል?" ስላቸው "ዝናብ ካልጣለ" አሉኝ፣ "ቢጥልስ?" ስላቸው ማሲንቆዋን አሳዩኝና "እኔማ እመጣለሁ፣ ቁርበቱ ነው እንጂ እርጥበት የማይወደው" አሉ። ስለዚህ ከጣለ በረንዳው ላይ ተጠጋግተን ነው የምንቀመጠው፣ ጃኬት ያዙ።