ማስተር፣ ሒሳቡ አልመጣም

አራት ኪሎ አካባቢ ባለች ጠባብ አዳራሽ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ልጆችን ቴኳንዶ አሰለጥናለሁ። እርግጫ ማስተማር ቀላል ነው። ያስቸገረኝ የፓተርኖቹ ታሪክ ነበር። ፓተርን ማለት በቅደም ተከተል የሚሠራ የእንቅስቃሴ ስብስብ ነው፣ ብዙዎቹም በኮሪያ ታሪክ ሰዎች ስም የተሰየሙ ናቸው።

እኔ የተማርኩት በሽምደዳ ነው። ማስተራችን ያነባል፣ እኛ ደብተር ላይ እንጽፋለን፣ የቀበቶ ፈተና ቀን እንደ ዳዊት እንደግማለን። አንድ ቃል ከተዘለለ ፑሽ አፕ። «ቾን ጂ ማለት ሰማይና ምድር ነው፣ 19 እንቅስቃሴ አለው...» እስከ ዛሬ ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሱኝ አልስተውም። ዶ ሳን የሚባለው ፓተርን የተሰየመለት ሰው ማን እንደሆነ ቢጠይቁኝ ግን ያኔ ዓይኔን ነበር የማፈጠው።

አሰልጣኝ ስሆንም ያንኑ አደረግኩ። ልጆቹ ሸመደዱ፣ አለፉ፣ በሳምንቱ ረሱት።

ነገሩ የተቀየረው በንዴት ነው። ጁንግ ጉን የሚባለውን ፓተርን ስንሠራ አንዷ ልጅ መጨረሻው ላይ ሁሌ አንድ ትርፍ እርምጃ ትጨምራለች። «32 ላይ ቁሚ! ሰውየው 32 ላይ ነው የሞተው!» ብዬ ጮህኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

«የቱ ሰውዬ?»

ቁጭ አልንና ነገርኳቸው። አን ጁንግ ጉን እ.ኤ.አ. በ1909 ሐርቢን ባቡር ጣቢያ ላይ ኢቶ ሂሮቡሚ የተባለውን ትልቅ የጃፓን ባለሥልጣን ተኩሶ ገደለ። ጃፓን ኮሪያን እየዋጠች የነበረበት ጊዜ ነው። በ1910 ሰቀሉት። ፓተርኑ 32 እንቅስቃሴ ያለው በዕድሜው ልክ ነው።

«እንደ አብርሃና ሞገስ!» አለ አንዱ። የየካቲት 12 ሐውልት ከአዳራሻችን ሩቅ አይደለም፣ በየቀኑ በሥሩ ያልፋል። (ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም፣ ግን ልጁ ገብቶታል።) ትርፍ እርምጃዋም ከዚያን ቀን ወዲህ ቀረች።

ከዚያ በኋላ ደብተር አላስያዝኩም። እንቅስቃሴ ሲቆጠር ታሪኩም አብሮ ይወራል። ዩል ጎክ የሚባለው ፓተርን 38 እንቅስቃሴ ያለው የተሰየመለት የኮሪያ ሊቅ ትውልድ ቦታ በ38ኛው የኬክሮስ መስመር ላይ ነው ስለሚባል ነው። ኮሪያን ለሁለት የከፈለው መስመርም እሱው 38ኛው ነው። የእኛው ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ያ መስመር ተጥሶ ጦርነት ስለተነሳ ነው። አንድ ቅዳሜ ስልጠናውን ትቼ በስድስት ኪሎ አድርገን በእግራችን አፍንጮ በር የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ወሰድኳቸው። ከዘማቾቹ አንድም ሰው እንዳልተማረከ ስነግራቸው ያዩኝ አስተያየት፣ እኔ ራሴ የዘመትኩ ነበር የሚመስለው።

ታዲያ ታሪክ ማውራት ስትጀምር ጥያቄ ይመጣል። በደብተር ዘመን ማንም አልጠየቀኝም። አሁን አንዱ ስልክ ላይ ፈልጎ መጣ። «ማስተር፣ ሒሳቡ አልመጣም። አን ጁንግ ጉን የተወለደው በ1879 ነው። በ1910 ከሞተ 31 እንኳን አልሞላውም።»

ደነገጥኩ። «ዝም ብለህ ሥራ» ልለው ምንም አልቀረኝም። «ለሚቀጥለው ሳምንት» አልኩት፣ ሄጄ አነበብኩ። ለካ በድሮው የኮሪያ አቆጣጠር ልጅ ሲወለድ አንድ ዓመት ይባላል፣ አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር ሌላ አንድ ይጨመርለታል። በዚያ ሲቆጠር ልክ 32 ነው። የራሱ ዘመን አቆጣጠር ላለው አገር ልጅ ይህን ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ሌላውንም ያኔውኑ ተናዘዝኩ። ለዓመታት «ቴኳንዶ የ2000 ዓመት ታሪክ አለው» እያልኩ አስጽፌያለሁ፣ እንደተጻፈልኝ። ስሙ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ስሙን ያወጡት ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ደግሞ ጃፓን ሲማሩ ካራቴ የሠሩ ሰው ናቸው። ካራቴ የሚለው ቃል ሲወጣ አንዳንዶቹ ፊታቸው ጠቆረ።

«ቴኳንዶ ከአያቴ ያንሳል ማለት ነው?» አለች አንዷ።

ባለፈው ፈተና ከሌላ ክለብ የመጡ ፈታኝ ያቺን ባለ ትርፍ እርምጃ ልጅ «አን ጁንግ ጉን በስንት ዓመቱ ሞተ?» ብለው ጠየቋት። ቀጥ ብላ ቆማ፣ «በኮሪያ ነው በፈረንጅ፣ ማስተር?» አለቻቸው። ፈታኙ ዞረው እኔን አዩኝ።