መኪናው መቼ ይመጣል?

ዛሬ መጋቢት 2 ነው። ከሥራ ስመለስ ታክሲው በአዲስ አበባው የቆሻሻ መጣያ በቆሼ በኩል አለፈ። እዚያ ሲደረስ ማንም ሳያዝ ሁሉም መስኮቱን ይዘጋል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ግን አልዘጉም፤ ወደ ውጭ እያዩ አማተቡ። ቀኑ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ነበር፣ ሁዳዴ ጾም ላይ። የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ሥሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጠ፤ የጭቃውንም የላስቲኩንም። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ማሽኖቹ ሲቆፍሩ ዘመድ የጠፋበት ሰው ዳር ቆሞ ለምን ትዘገያላችሁ እያለ ይጮህ ነበር። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። እኔም አለቀስኩ።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ግን ከዚያ በፊት የነበረው ክረምት ነው። በ2008 ዓ.ም. የከተማው ቆሻሻ ሰንዳፋ ወደተሠራው አዲስ ማስወገጃ መሄድ ጀምሮ ነበር። ከ50 ዓመት በላይ የተከመረበት ቆሼ ሊያርፍ ነበር። የሰንዳፋ ገበሬዎች ሽታውን፣ ፍሳሹን፣ የከብቶቻቸውን ነገር አንስተው ተቃወሙ፤ በወራት ውስጥ ሥራው ቆመ። አልፈርድባቸውም፤ እርሻዬ አጠገብ ቢሆን እኔም እቃወም ነበር። ያን ክረምት ግን አዲስ አበባ ውስጥ ገንዳው ሁሉ ሞልቶ ፈሰሰ። ዝናቡ ቆሻሻውን እያጠበ ደጃችን ድረስ አመጣው።

ሰፈራችን ለስብሰባ ተጠራ። እጄን አውጥቼ፣ «መኪናው መቼ ነው የሚመጣው?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ያለ ነበር፤ ተጨበጨበልኝ። ከእኔ በኋላ የተናገሩትም ያንኑ ጠየቁ። ከቀናት በኋላ መኪናው መጣ፣ ገንዳው ተነሣ፣ ደስ አለኝ። ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅኩም። የሄደው ወደ ቆሼ ነው። ዓመት ሳይሞላ ተራራው ተናደ።

ናዳውን እኔ አመጣሁት ማለቴ አይደለም። ግን ግፊቱን ሁላችንም በአንድ በኩል ብቻ ነበር ያደረግነው። ቤት ለቤት የሚሰበስቡት የማኅበር ልጆች የሚከፈላቸው ገንዳ ድረስ ባመጡት ሜትር ኪዩብ ነበር። በስብሰባው የተነበበልን ሪፖርት ስንት ጊዜ እንደተጫነ ይዘረዝራል። እኛም ከውሃ ሒሳብ ጋር የምንከፍለው ደጃችን እንዲጸዳ ነው። ልጆቹ፣ ሹፌሩ፣ ኃላፊው፣ እኛ፣ ሁላችንም የምንጠቀመው ቆሻሻው ቶሎ ከፊታችን ሲጠፋ ነው። የክምሩ ቁልቁለት በዚያ ሪፖርት ውስጥ አንድ መስመር አልነበረውም። አንድ ባለሙያ ተነሥቶ «በዚህ በኩል መድፋት ይቁም፣ አደገኛ ነው» ቢል ኖሮ መጀመሪያ የምንጮህበት እኛ ነበርን። ተሰምቶ ሰው ባይሞት ደግሞ ማን ያመሰግነዋል? ምንም አልሆነማ። ያስታወስነው ገንዳው ሞልቶ መክረሙን ብቻ ነበር።

ከሥሩ የሚኖሩት ለምን አልጮሁም የሚሉ አሉ። ብዙዎቹ የሚኖሩት ከዚያው ክምር ፕላስቲክና ብረት እየለቀሙ ነው። መኪናው ቢቆም እንጀራቸው ይቆማል። የሰንዳፋው ገበሬ እርሻ አለው፣ እኔ የውሃ ቢል አለኝ፤ እነሱ ግን ሊያስቆሙት የሚገባው ነገር ራሱ መኖሪያቸው ነበር።

ከአደጋው በኋላ በፉኩኦካ ዘዴ የማረጋጋት ሥራ ተሠራ። ጃፓኖች የጀመሩት ነው፤ የተበሱ ቱቦዎችና ጠጠር አስገብቶ ፍሳሹን ማስወጣት፣ አየር ማስገባት፣ ተዳፋቱን ማስተካከል ነው። ይህን ሳነብ ነው ያመመኝ። ያን ያህል የረቀቀ ነገር አይደለም። ጠጠርና ቱቦ ነው። ለዚህ ገንዘብ እንዲገኝ ሰው መሞት ነበረበት? አጠገቡ ያለው ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ ግንባታ ከናዳው በፊት ተጀምሮ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመረቀ። ጣቢያ ይመረቃል፤ ቱቦው ከቆሻሻ ሥር ነው፣ አይታይም።

ማታ ለአከራዬ ለእትዬ ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ታዲያ አሁንስ የእኛው የት ነው የሚደፋው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን ያህል ዓመት።

ቅዳሜ ስብሰባ አለ። ጥያቄዬን ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ፦ ከእኛ ገንዳ የሚነሣው የት ይደፋል? የዚያን ቦታ ደኅንነት የሚከታተለው ማን ነው? እሱ «አቁሙ» ካለ የማስቆም ሥልጣን አለው? አለው ከተባልኩ፣ ገንዳችን ሳምንት ሞልቶ ቢያድርም እንደማልጮህ እዚያው ቆሜ እናገራለሁ።