ማሲንቆው ሒሳብ ክፍል ሲገባ

ደብረ ብርሃን አካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። ዓምና የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ አስተባባሪም ሆንኩ፤ ሌላ የሚፈልገው ሰው ስለጠፋ ነው። ሥራውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በዓመት 60 ሰዓት፣ ፎርም፣ ፊርማ፣ ፖርትፎሊዮ። ከዚያ ፋይሉ ቁምሳጥን ውስጥ ይተኛል።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባትን ሲያመጣ፣ ክፍለ ጊዜ ለጎደለው መምህር ሁሉ ታደለ። አንዷ ባልደረባዬ «እኔ ከሰርግ ቤት ውጪ ዘፍኜ አላውቅም» ብላ ሳቀች። ያኔ ነው በሰፈራችን ሰርግ ላይ ማሲንቆ የሚጫወቱት ጋሼ ትዝ ያሉኝ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ግን የማይረባ ነበር። መምህራኑን ሰበሰብኩ፣ ጋሼ ተጫወቱ፣ አጨበጨብን፣ ግማሹ በስልኩ ቀረጸ፣ አቴንዳንስ ተፈረመ። ሰኞ ክፍል ስንገባ ሁሉም እንደነበረው ነው። ይባስ ብሎ ለእኛ የሻይ ሲከፈል ለእሳቸው «የወጪ ርዕስ የለም» ተባለ። የገበያ ቀናቸውን ትተው ነው የመጡት እኮ! ከኪሴ ሰጠኋቸው፤ ሲቀበሉኝ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ሁለተኛ ጊዜ ሰው ቀነስኩ። የሒሳብ መምህሩ፣ ያቺ ባልደረባዬ፣ እኔና ጋሼ ብቻ። ትርኢት የለም፤ የሚቀጥለውን ሳምንት የትምህርት እቅድ አብረን እናውጣ አልኩ። ርዕሱ ክፍልፋይ ነበር። ጋሼ «እኔ ምን አውቄ» ብለው ዳር ያዙ። የሒሳብ መምህሩ ግን ማሲንቆውን ሲያይ ቆይቶ «የጭራ ክሩን መሃሉ ላይ ቢይዙትስ?» አላቸው። ያዙት። ያው ድምፅ ቀጥኖ ከላይ ወጣ። በሜትር ለካነው፤ ከሞላ ጎደል እኩሌታው ላይ ነው። ጋሼ ሳቁና «ይቺን ቦታ ጣቴ ድሮ ያውቃታል፤ ግማሽ መሆኗን ዛሬ ሰማሁ» አሉ። እኔም ድምፅን ስንት ዓመት ሳስተምር እንዲህ በጆሮዬ ሰምቼው አላውቅም።

ክፍል ውስጥስ? 40 ደቂቃ፣ ከ60 በላይ ልጅ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ጉም ስለነበር የማሲንቆው ቆዳ ረግቦ፣ ጋሼ ፀሐይ ፍለጋ ደጅ ወጡና ሩብ ሰዓት ሄደ። ከዚያ በኋላ ከእረፍት በፊት አላስገባቸውም። ሌላው ችግር እኛው ነን። እሳቸው ልጆቹ ዘፈኑን እንዲቀበሏቸው ይፈልጋሉ፣ መምህሩ «ዝም በሉ!» ይላል። ማን ምን እንደሚይዝ አስቀድመን መነጋገር ነበረብን። ግጥሙንም ጭምር፤ ጋሼ ርዕሰ መምህሩን በሰምና ወርቅ ወጋ አድርገዋቸው ልጆቹ በሰሙ ሲስቁ እኛ ወርቁን ይዘን አቀረቀርን።

ያቺ ባልደረባዬ አሁን ማሲንቆ እየተማረች ነው፤ ሻይ ሰዓት ላይ ስታንጫርር ክፍሉን ለቅቀን እንወጣለን። በምላሹ ጋሼን የትምህርት እቅድ አወጣጥ ታሳያቸዋለች። «መግቢያ፣ ማጠቃለያ ትላላችሁ፣ እኛም ዘፈኑን እንዲሁ ነው የምንሠራው» ይሏታል።

ዘንድሮ ከመንዝ ባና፣ ማለትም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ የሚሠሩ ሰው ልንጋብዝ ነው። በመስመሮቹ ተደጋጋሚ ቅርፅን እናስተምራለን ብለናል። እስካሁን የጻፍኩት አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ የክፍያው።