ሎሚው ያልተመዘገበበት ቅጽ

በዩኒቨርሲቲ ሥር የሚሠራ የጭንቀት ሕክምና ክፍል ሁለት ዓይነት ሰዎችን በአንድ ጣሪያ ሥር ያኖራል። አንደኞቹ ታካሚው እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ እንዲመለስ የሚደክሙ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ያ እፎይታ በእርግጥ ከሕክምናው የመጣ መሆኑን ለማጣራት የሚደክሙ ተመራማሪዎች ናቸው። ደሴ ውስጥ እኔ የምሠራበት ክፍል ጠባብ ስለሆነ ሁለቱም ወገኖች ቡና የሚጠጡት ከአንድ ጀበና ነው፤ የሚከራከሩትም በዚያው ቡና ላይ ነው። የእኔ ድርሻ ከሁለቱም የሚመጡትን ቅጾች ማሰባሰብና መጠበቅ በመሆኑ ክርክሩን የምሰማው ከመሐል ተቀምጬ ነው። ከእነዚያ ክርክሮች አንዱን ለማስታወስ ያህል እጽፋለሁ፤ የታካሚዋ ማንነት እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ለውጫለሁ።

ታካሚዋ በአርባዎቹ ዕድሜ የሚገኙ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ዕቃ የሚያመጡት ከኮምቦልቻ ቢሆንም፣ ወደ እኛ ሲመጡ ያንን መንገድ መሄድ ካቆሙ ቆይተው ነበር። አንድ ቀን ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወርድ ልባቸው ክፉኛ መታ፣ እጃቸው ደነዘዘ፣ ትንፋሽ አጠራቸውና «ሞትኩ» ብለው ጮኹ። የልብ ምርመራው ምንም አላሳየም። ከዚያ ወዲህ ግን ዕቃውን የሚያመጣላቸው የወንድማቸው ልጅ ሆነ፤ ጥሩ ጨርቅ ከመጥፎው መለየት የማይችል ልጅ እንደሆነም በየቀጠሮው ይነግሩን ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ከደረሰ በኋላ በዚህ አካባቢ ስለ ጭንቀት የሚያማክር ባለሙያ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ያንን ጊዜ ነው፤ በእርሳቸውም ላይ ያው ተጠርጥሮ ነበር። በረጋ ጥያቄ ሲታይ ግን ሕመሙ ከጦርነቱ ትዝታ ጋር የተያያዘ ሳይሆን በድንገት የሚነሣ የከፍተኛ ፍርሃት ሕመም ሆኖ ተገኘ።

የዚህን ሕመም አሠራር እንግሊዛዊው ዴቪድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጽሑፍ ግልጽ አድርጎ አስቀምጦታል፤ ሰውየው በአካሉ ላይ የሚሰማውን ተራ ለውጥ የአደጋ ምልክት አድርጎ ይተረጉመዋል፣ ትርጉሙ ፍርሃትን ይወልዳል፣ ፍርሃቱ ደግሞ ያንኑ የአካል ለውጥ ያባብሰዋል። ለዚህ ዓይነቱ አዙሪት ከደሴ ኮምቦልቻ የተሻለ መንገድ መፈለግ ከንቱ ድካም ይመስለኛል። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ መኪናው 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል፤ ጆሮ ይደፈናል፣ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል፣ መታጠፊያው ሆድን ያገላብጣል። ሌላው ተሳፋሪ ምራቁን ውጦ ጆሮውን የሚከፍትበትን ነገር እርሳቸው ራሳቸውን ሊስቱ የተቃረቡበት ምልክት አድርገው ይወስዱት ነበር። በዚያ ላይ ሲፈሩ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ በደማቸው ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ የእጅ መደንዘዙና የራስ ማዞሩ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሕክምናው የተመራው በአንድ ወጣት ባለሙያ ነበር፤ ትሑት፣ ታካሚዎቹም እጅግ የሚወዱት ልጅ ነው። የሚያስፈራውን ነገር ደረጃ በደረጃ የመጋፈጥ ዘዴ ተከትሎ መጀመሪያ መናኸሪያ በቆመ ሚኒባስ ውስጥ አስቀመጣቸው፣ ቀጥሎ እስከ ከተማው ዳር፣ ቀጥሎም እስከ ሐረጎ ወሰዳቸው፤ በመጨረሻ ኮምቦልቻ ደርሰው ተመለሱ። በየጉዞው ፍርሃታቸውን ከ0 እስከ 100 ባለው መለኪያ ይጠይቃቸዋል፣ ቁጥሩን ቅጹ ላይ ያሰፍራል። መጀመሪያ ከ90 በላይ የነበረው ቁጥር እየወረደ 30 ደረሰ። ቅጾቹን የማስገባው እኔ ስለሆንሁ ያንን መስመር ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ወረቀት ላይ እንደዚያ ያማረ ቁልቁለት ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

በምርምሩ ደንብ መሠረት የመጨረሻው ፈተና የሚሰጠው በሕክምናው ላይ ባልነበረ ገምጋሚ ሲሆን፣ ታካሚው ወደ ፈራው ቦታ ብቻውን ሄዶ እንዲመለስ ይጠየቃል። ነጋዴዋም ተሳፈሩ። ሐረጎ ላይ ሲደርሱ ግን «ወራጅ አለ!» ብለው ወረዱ፣ መንገዱን ተሻግረው በሌላ መኪና ወደ ደሴ ተመለሱ። ገምጋሚዋ ምን እንደ ሆነ ስትጠይቃቸው የመለሱት መልስ አጭር ነበር፦ «የኔ እናት፣ ሎሚዬን ቤት ረስቼው ወጣሁ።» ገምጋሚዋ ይህን የምታሰፍርበት ቦታ ቅጹ ላይ ስላጣች በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በእጅ ጽፋ አመጣችልኝ።

በሳምንታዊው ስብሰባ ላይ ያ የጠርዝ ጽሑፍ ሲነበብ ባለሙያው ግራ ገባው። «ሎሚ ምን ክፋት አለው? ወሎ ውስጥ ሎሚ ወይም ጤና አዳም ሳይዝ መኪና የሚሳፈር ሰው አለ ወይ?» አለ። ከተመራማሪዎቹ አንዷ ግን ወዲያው ወደ ፖል ሳልኮቭስኪስ ሐሳብ ወሰደችን። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1991 እንዳስረዳው፣ በፍርሃት የሚሠቃይ ሰው ከአደጋ ያዳነኝ ብሎ የሚያምንበትን ነገር ይዞ እስከ ተጋፈጠ ድረስ፣ የፈራው አደጋ አለመድረሱን ለዚያ ነገር ውለታ አድርጎ ይቆጥረዋል እንጂ አደጋው መጀመሪያም እንዳልነበረ አይማርም። «እርሳቸው የተማሩት ሚኒባሱ አይገድልም የሚለውን ሳይሆን ሎሚው ያድናል የሚለውን ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ሎሚውን ትንሽ አስመሰለው። ነጋዴዋ ተጠርተው በዝርዝር ሲጠየቁ፣ በኮቱ ኪስ የተጣጠፈ ፌስታል፣ በር አጠገብ ያለው ወንበር፣ መስኮቱን የመክፈት ልማድ ሁሉ አንድ በአንድ ወጡ። በመጨረሻም ሳቅ ብለው «ዋናው ግን ልጄ ነው፤ እርሱ ‹አብሽሩ› ካለኝ ልቤ ይመለሳል» አሉ። ልጄ ያሉት ባለሙያውን ነው። ባለሙያው ከሎሚውና ከፌስታሉ ጋር በአንድ ዝርዝር ውስጥ መግባቱ ቅር አሰኘው፤ ማንንስ አያሰኝም?

ሆኖም እጅ አልሰጠም። በሚቀጥለው ስብሰባ የእነ ስታንሊ ራክማንን እ.ኤ.አ. የ2008 ጽሑፍ ይዞ መጣ፤ እንዲህ ዓይነቱን መከላከያ በልክና በተለይ በሕክምናው መጀመሪያ ላይ መፍቀድ ታካሚው ሕክምናውን ጥሎ እንዳይሄድ ሊረዳ እንደሚችል የሚሞግት ነው። «ሎሚውን በመጀመሪያው ቀን ብቀማቸው ኖሮ ሁለተኛ አይመጡም ነበር» ሲል ተከራከረ። ይህ ክርክሩ ትክክል ይመስለኛል። ነገር ግን እንዲይዙ መፍቀድ አንድ ጉዳይ ነው፣ መቼ እንደሚተዉት አለማቀድ ሌላ ጉዳይ ነው፣ መያዛቸውን ጨርሶ አለመመዝገብ ደግሞ ከሁለቱም የከፋ ነው። 30 የሚለው ቁጥር ብቻውን ሲቀመጥ በሎሚና በአብሽሩ የተገኘ መሆኑን ማንም አንባቢ ሊያውቅ አይችልም፤ እንደዚያ ዓይነት ቁጥሮች ተደምረው ነው «ሕክምናው ይሠራል» የሚል ጽሑፍ የሚወጣው።

ሁለተኛው ዙር ሕክምና በሌላ መንገድ ተጀመረ። ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ነጋዴዋ ይሆናል ብለው የሚፈሩትን በራሳቸው ቃል ያስጽፋሉ፦ «ሐረጎን ሳልፍ ትንፋሼ ቆሞ ራሴን ስቼ እወድቃለሁ።» ቀጥሎም የልብና የአስም ችግር እንደሌለባቸው ዳግም ከተረጋገጠ በኋላ፣ ክፍሉ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቶሎ ቶሎ እንዲተነፍሱ ተደረገ። እጃቸው ሲደነዝዝና ራሳቸው ሲዞር «ይኸው! ይኸው ራሱ ነው!» ብለው ጮኹ፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሚኒባስም ሐረጎም በሌለበት። ባለሙያው በዚህ ጊዜ «አብሽሩ» አላላቸውም፤ ዝም ብሎ ጠበቀ፣ ስሜቱም በራሱ ለቀቃቸው። በእንዲህ ዓይነቱ ፍርሃት ጊዜ የደም ግፊት ከፍ ይላል እንጂ ስለማይወርድ ራስን የመሳት ዕድሉ አነስተኛ መሆኑን ያስረዳቸው ካዩት በኋላ እንጂ አስቀድሞ አልነበረም። ቅደም ተከተሉን ሆነ ብለን የመረጥነው ነው፤ ቀድሞ ቢነገራቸው ማብራሪያው ራሱ ሌላ ሎሚ ይሆን ነበር።

ያለ ሎሚ፣ ከኋላ ወንበር፣ ብቻቸውን በሄዱበት ቀን የመዘገቡት ቁጥር 80 ነበር። በድሮው ቅጽ ይህ ሕክምናው እንዳልያዘ የሚያሳይ ውጤት ነው። አሁን ግን ከቁጥሩ ጎን የተጻፈው ግምት አለ፦ ትንፋሼ ይቆማል፣ አልቆመም፤ እወድቃለሁ፣ አልወደቁም። ኮምቦልቻ ወርደው ጨርቅ ገዝተው ሲመለሱ ስለ ፍርሃታቸው የነገሩን ጥቂት ነው፤ እርሳቸው በሌሉበት ጊዜ የወንድማቸው ልጅ ስንት እንደ ተጭበረበረ ግን ለረጅም ጊዜ ሲያወሩን ቆዩ።

ከዚህ በኋላ ቅጹ ተሻሻለ። በእያንዳንዱ ልምምድ ላይ ታካሚው ምን ይዞ እንደ ነበር፣ አብሮት ማን እንደ ነበር፣ የት እንደ ተቀመጠ፣ ባለሙያው ምን ቃል እንደ ተናገረ የሚሰፍርበት ቦታ ተጨመረ። ያስቸገረን የጸሎት ጉዳይ ነው። ወሎ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም መንገድ ሲጀምር ዱዓ ማድረጉ ወይም ማማተቡ የታወቀ ነው፤ ይህን ከሎሚ ጋር አንድ ላይ መመዝገብ ድፍረት ነው የሚሉ ነበሩ፣ ጨርሶ መተዉም ልክ አይደለም የሚሉ ነበሩ። የተስማማንበት ገምጋሚዋ አንድ ጥያቄ እንድትጠይቅ ነው፦ ፍርሃት በሌለበት ቀንስ ይህንኑ ያደርጉታል ወይ? አዎ የሚል ሰው አምልኮው የራሱ ነውና አንነካውም። ሲፈራ ብቻ፣ ያውም ቁጥር ካጎደለ አደጋ የሚመጣ መስሎት ደጋግሞ የሚያደርገው ከሆነ ግን ይመዘገባል፤ ታካሚው ከፈቀደም ከሃይማኖት አባቱ ጋር ይመከርበታል።

ባለሙያው እስከ ዛሬ የሚያነሣው ቅሬታ አለው። ቅጹ ሁለት ገጽ ሆኗል፣ ታካሚው ከጉዞ በደከመበት ሰዓት ይህን ሁሉ መጠየቅ ይሰለቸዋል ይላል። ተመራማሪዋ የትኛው ጥያቄ እንዲወጣ እንደሚፈልግ ስትጠይቀው «ባለሙያው ምን ቃል ተናገረ» የሚለውን ነው የሚመርጠው፤ እርሷም ያንን ብቻ አላስወጣም ብላለች።