ለዲኤምኤ የታሰረ ገጽ አፈታቱ

የሊኑክስ ድራይቨር ስትጽፉ የፕሮግራሙን ባፈር (ዳታ የሚቀመጥበትን ሚሞሪ) በዲኤምኤ፣ ማለትም መሣሪያው ያለ ሲፒዩ ሚሞሪውን ራሱ እንዲያነብና እንዲጽፍ፣ በቀጥታ ለመሣሪያው መስጠት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ገጾቹን (ሚሞሪው የተከፋፈለባቸውን ቁራጮች) ማሰር፣ ማለትም ካሉበት እንዳይነቃነቁ ማድረግ አለባችሁ። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ሚሞሪ ሲያጥረው ገጹን ወደ ዲስክ ያወጣዋል፣ ወይም ቦታውን ይቀይረዋል፤ መሣሪያው ግን የሚያውቀው የተነገረውን አድራሻ ብቻ ነው።

የገጾቹን ብዛት ርዝመቱን ለ4096 (ለአንድ ገጽ ባይት) በማካፈል ብቻ አታውጡት። 10,000 ባይት ያለው ባፈር ከገጹ 3,000ኛ ባይት ላይ ቢጀምር 3 ሳይሆን 4 ገጽ ይነካል፦ 1,096፣ 4,096፣ 4,096 እና 712። ስለዚህ መነሻውን ከርዝመቱ ጋር ደምሩ፣ ለ4096 አካፍሉና ወደ ላይ አጠጋጉ።

ለማሰር «ጌት ዩዘር ፔጅስ» የሚባለው የከርነል ፈንክሽን አይበቃም። የሚጨምረው ገጹን ስንት ተጠቃሚ እንደያዘው የሚቆጥረውን የተለመደ ቆጣሪ ነው፤ እሱን ደግሞ ሌላውም የከርነል ክፍል ስለሚጨምረው ገጹ በዲኤምኤ መያዙ አይለይም። ከ5.6 ስሪት (2020) ወዲህ «ፒን ዩዘር ፔጅስ» አለ፤ ለነጠላ ገጽ ቆጣሪውን በ1024 ያሳድጋል። መሣሪያው ወደ ሚሞሪ የሚጽፍ ከሆነ «ፎል ራይት» የሚለውን ባንዲራ (ለፈንክሽኑ የሚሰጥ ምልክት) ጨምሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ፕሮግራሙ «ሪድ» ሲል ሚሞሪው ላይ የሚጽፈው መሣሪያው ነው። የተመለሰውን ቁጥርም እዩ። 4 ጠይቃችሁ 2 ብቻ ሊታሰር ይችላል፤ ያኔ ሁለቱን ፈትታችሁ ስህተት መልሱ። ባፈሩ ለረጅም ጊዜ ተይዞ የሚቆይ ከሆነ «ፎል ሎንግተርም» የሚለው ባንዲራ ግዴታ ነው።

ቀጥሎ ገጾቹን በስካተርሊስት (በተበታተኑ የሚሞሪ ክፍሎች ዝርዝር) ደርድራችሁ ለዲኤምኤ ማፕ አድርጉ፣ ማለትም መሣሪያው የሚጠቀምበትን አድራሻ አሰጧቸው። አይኦኤምኤምዩ (የመሣሪያውን አድራሻ ወደ ሚሞሪ አድራሻ የሚተረጉም ሃርድዌር) ጎረቤት ክፍሎችን ሊያዋህድ ስለሚችል ለመሣሪያው የምትነግሩት ማፑ የመለሰውን ብዛት ነው፤ አንማፕ ስታደርጉ (ማፑን ስታፈርሱ) ግን የመጀመሪያውን ብዛት ስጡ። መሣሪያው 32 ቢት አድራሻ ብቻ የሚችል ከሆነና ገጹ ከ4 ጊጋባይት በላይ ካለ፣ አይኦኤምኤምዩ በሌለበት ከርነሉ በመሃል ጊዜያዊ ባፈር ይጠቀማል። ዳታው ወደ እውነተኛው ገጽ የሚገለበጠው በአንማፕ ወይም በሲንክ (ማፑ ሳይፈርስ ዳታውን በማመሳሰል) ጊዜ ስለሆነ ከዚያ በፊት ብታነቡት አሮጌውን ታገኛላችሁ።

ከባዱ ሥራ መፍታቱ ነው። ቅደም ተከተሉ አይዛባም፦ መሣሪያውን ማስቆም፣ አንማፕ ማድረግ፣ የተጻፈበትን ገጽ «ደርቲ» (ይዘቱ የተለወጠ) ብሎ ምልክት ማድረግ፣ መፍታት። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን «አንፒን ዩዘር ፔጅስ ደርቲ ሎክ» አንድ ላይ ይሠራቸዋል። ምልክቱ የሚያስፈልገው መሣሪያው ሲጽፍ የሲፒዩው የገጽ ሰንጠረዥ ስለማያውቅ ነው። ከፋይል የመጣ ገጽ ከሆነ ከርነሉ እንዳልተነካ ቆጥሮ ይጥለዋል፤ የተጻፈው ዳታ ያለ ምንም የስህተት መልእክት ይጠፋል።

ይህ ቅደም ተከተል በብዛት የሚፈርሰው ፕሮግራሙ ዝውውሩን እየጠበቀ ሳለ ሲገደል ነው። ጥበቃው በሲግናል ይቋረጣል፣ ኮዱም በቀጥታ ወደ መፍቻው ይዘላል፤ መሣሪያው ግን መጻፉን አላቆመም። ገጹ ለሌላ ፕሮሰስ ከተሰጠ በኋላ ይጻፍበታል፤ ብልሽቱም ከድራይቨራችሁ ጋር ምንም በማይገናኝ ቦታ ብቅ ይላል። በዚህ መንገድ ላይም ለመሣሪያው የማቆሚያ ትዕዛዝ ላኩ፣ መቆሙን ሁኔታውን ከሚያሳየው የመሣሪያው ሬጅስተር አረጋግጡ፤ እስኪያረጋግጥላችሁ ድረስ አንድም ገጽ አትፍቱ።