ከማመልከቻው ይልቅ ለልኬቱ ተዘጋጁ

ከግድግዳዬ ማዶ ያለው ድርጅት ትልቅ የማቀዝቀዣ ክፍል ሠራ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር አለ። ጩኸት ቢሆን ኖሮ የሰማ ሁሉ ይረዳኝ ነበር። የኔው ግን ዝቅ ያለ ጉምጉምታ ነው። ኮምፕረሰሩ፣ ማለትም የማቀዝቀዣው ሞተር፣ ይነሳል፣ ይሠራል፣ ይቆማል፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይነሳል። የሚያባንነኝ መነሳቱ ነው። ጆሮዬን ትራስ ላይ ሳሳርፍ ይብስብኛል። መዳፌን ግድግዳው ላይ ስለጥፍ ንዝረቱ እስከ ክርኔ ይሰማኛል።

ይህን የምጽፈው ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ስላላገኘሁ ነው። የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች በአጭሩ ልለፋቸው፤ ማንም ይነግራችኋል። ሥራ አስኪያጁን በትህትና አነጋገርኩት። «እናየዋለን» አለኝ፤ አላየውም። በደብዳቤ ጠየቅኩ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማመልከቻ አስገባሁ፤ የገባበትን ቀንና ቁጥር ይዤ ወጣሁ። ዛሬ ነገ ሲባል ቆይቶ ተቆጣጣሪ ተመደበልኝ።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ማመልከቻዬ ላይ «ሌሊት» የሚለውን ቃል ከሥሩ አስምሬበታለሁ። ተቆጣጣሪው የመጣው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ውጭው በመኪና ድምፅ ተሞልቷል። ድርጅቱም እንደሚመጣ ተነግሮት ነበር፤ ከማሽኖቹ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። ትኩሳት ያለበትን ሰው በበረደለት ሰዓት ለክቶ «ጤነኛ ነህ» እንደማለት ነው።

መሣሪያውን ክፍሉ መሀል ላይ አቆመ። «እባክዎ፣ የምተኛው እዚህ ነው፤ ራስጌው ጋ ይለኩልኝ» አልኩት።

«እህቴ፣ ከግድግዳ መራቅ አለበት። ደግሞ እኔ የምጽፈው መሣሪያው የሚለውን ነው።»

ከአፍታ በኋላ ቁጥሩን ጻፈና ሄደ። «ከተፈቀደው በታች» የሚል ወረቀት ደረሰኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላቴ ወረቀቱ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ «ተለክቶ ነጻ ወጥተናል» ይለኛል። መሥሪያ ቤቱ «ጉዳዩ ተዘግቷል» ይለኛል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብኝ። እኔ ጭራሽ እንደ ነዝናዛ ተቆጠርኩ።

መሣሪያው አልዋሸም። የተጠየቀውን መልሷል፤ የተጠየቀው ግን ሌላ ነገር ነው። የድምፅ መለኪያ «ኤ» እና «ሲ» የሚባሉ ሁለት አነባበቦች አሉት። «ኤ» የሰው ጆሮ ለደካማ ድምፅ ያለውን ስሜት እንዲመስል ተብሎ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ወፍራሙን ድምፅ ቀንሶ ያነባል። በ100 ሄርዝ (ሄርዝ በሴኮንድ ያለው የንዝረት ብዛት ነው) አካባቢ 19 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ያህል ይቀንሳል፤ በ50 ሄርዝ 30 ያህል። «ሲ» በ100 ሄርዝ የሚቀንሰው ከቁጥር የማይገባ ነው። የኔ ጉምጉምታ ያለው እዚያው 100 አካባቢ ነው። ተቆጣጣሪው የለካው በ«ኤ» ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለመኝታ ክፍል 30 ዴሲቤል በ«ኤ» ያስቀምጣል። ያው መመሪያ ግን ወፍራም ድምፅ ሲበዛ «ኤ» ብቻውን እንደማይበቃ ይናገራል። በ«ሲ» እና በ«ኤ» መካከል ያለው ልዩነት ከ10 ካለፈ ድምፁ በየሄርዙ ተለይቶ ይመርመር ይላል። ይህን ያነበብኩት ወረቀቱ እጄ ከገባ በኋላ ነው።

ሌላው ቦታው ነው። የ100 ሄርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ 3.4 ሜትር ያህል ይረዝማል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ሞገዱ ከግድግዳ እየተመለሰ ከራሱ ጋር ይጋጫል። አንዱ ቦታ ላይ ይጎላል፣ ሌላው ላይ ይጠፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ሜትር ሊያንስ ይችላል። ቆማችሁ ስትሰሙት «ቆመ እንዴ?» ያስብላችኋል፤ ጋደም ስትሉ እዚያው ነው። ለዚህ ነው የሚለካው ሰው በሚተኛበት ቦታ ይሁን ብዬ የምሟገተው።

ያንን ወረቀት ተቃውሜ አቤቱታ ለማቅረብ ስነሳ የድምፅ ስፔክትረም፣ ማለትም ድምፁን በየሄርዙ ለይቶ፣ የሚያሳይ የስልክ መተግበሪያ ጫንኩ። መሥሪያ ቤቶች «የስልክ ልኬት ማስረጃ አይሆንም» ይላሉ። ስለ ዴሲቤሉ ልክ ናቸው፤ የስልክ ማይክሮፎን ወፍራም ድምፅ ላይ አይታመንም። እኔ ግን ተጠቀሙበት እላለሁ። ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ስክሪኑ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ብቅ ትላለች፤ ሲቆም ትጠፋለች። የተነሳበትንና የቆመበትን ሰዓት መዘገብኩ፣ ምስሉን አያይዤ አስገባሁ። «ይረብሸኛል» የሚለውን ቃል ከአቤቱታው አወጣሁት። በምትኩ ሌሊት ይለካ፣ ድርጅቱ አይነገረው፣ ማሽኑ በርቶም ጠፍቶም ይለካ፣ ራስጌ ጋ ይሁን፣ «ሲ»ም ይጻፍ አልኩ።

ሁለተኛዋ ተቆጣጣሪ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መጣች። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ዝም አለች። ማሽኑ ሲነሳ ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ቁልፍ ተጫነችና ሁለቱንም አነባበብ ጻፈች፤ ልዩነቱ ከ10 በላይ ነው። ያው ቁልፍ የመጀመሪያው ሰውዬ መሣሪያ ላይም ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ከዚያ ወደ ድርጅቱ ገባች። ኮምፕረሰሩ የጋራ ግድግዳችን ላይ በተመታ ብረት በብሎን ታስሮ ነበር። ግድግዳው ራሱ ድምፅ ማጉያ ሆኗል ማለት ነው። ማሽኑን አወረዱትና ወለል ላይ ከላስቲክ ማረፊያ ጋር አስቀመጡት። ቱቦው ላይ ተጣጣፊ ቁራጭ ገባበት፣ ማሰሪያዎቹ ላስቲክ ተደረገላቸው። ቴክኒሻኑ ሥራውን ሲጨርስ «ቀድሞ የነገረኝ የለም» አለኝ። ስለዚህ «ኃላፊውን አነጋግሩ» የሚለውን ምክር አልቀበልም። ማሽኑን የሚጠግነውን ሰው ፈልጉ። ኃላፊው ቅሬታ ይሰማል፤ ቴክኒሻኑ ብሎኑን ያውቀዋል።

ለስፖንጅ ገንዘብ አታውጡ። ስፖንጅ የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳል እንጂ በግድግዳ የሚመጣን ንዝረት አያቆምም። የጆሮ መድፈኛም ቀጭኑን ድምፅ ነው ይበልጥ የሚይዘው፤ በትራስ የሚገባው ንዝረት ያልፈዋል።

ተቆጣጣሪው ከቤታችሁ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ሰዓቱን፣ መሣሪያው የቆመበትን ቦታ፣ «ኤ» ወይስ «ሲ» መሆኑን፣ ስንት ማሽን እየሠራ እንደነበር ወረቀቱ ላይ ያስፍር። ፎቶ አንሱት። ቅር ቢለውም ጠይቁ። የኔ የመጀመሪያው ወረቀት የተሰረዘው ከእነዚህ አንዱንም ስላልያዘ ነው።